የርካሹ ሆስፒታል ነገር፦ ለአንባቢዎች ጥያቄ መልስ

በዚህ እትም የመጡት ጥያቄዎች ሳይነጋገሩ አንድ ቦታ ተገናኝተዋል፣ የወረዳ ሆስፒታል የወጣበትን ገንዘብ ሚመጥን ስራ ይሰራል ወይ የሚለው ላይ። ስለዚ ሌላውን ለሚቀጥለው አሳድሬ እነዚህን ብቻ ይዣለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የሆስፒታል ሂሳብ ሰራተኛ ነኝ። አለቃዬ የሶስት ወረዳ ሆስፒታሎች ሪፖርት ሰጥቶኝ የቱ ኮስት ኢፌክቲቭ (ለወጣበት ብር ጥሩ ውጤት ሚሰጥ) እንደሆነ ደረጃ አውጣላቸው አለኝ። የዓመቱን ወጪ ለበሽተኛ ቁጥር አካፈልኩና አንደኛ ሁለተኛ ሶስተኛ ብዬ አስቀመጥኩ። ችግሩ አንደኛ የወጣው ሆስፒታል ማደንዘዣ ሰጪው ከለቀቀ ሰባት ወር ሆኖታል፣ ኦፐሬሽን ክፍሉ ተቆልፏል፣ ምጥ የጠናባትን ሁሉ ሪፈር ነው ሚጽፉላት። ሁሉም ሰው ጥሩ ነው ሚለው ሆስፒታል ደሞ መጨረሻ ወጣ። ሪፖርቱን ሳየው እኔው አፈርኩ። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?»

መልስ፦ ወንድሜ፣ አንተ ስላልኩህ አትቀየመኝ፣ ደብዳቤህ ያቀራርባል። ማካፈሉን በደንብ አካፍለሃል፣ ችግሩ ያካፈልክለት ነገር ነው። እስቲ ያቺን ሪፈር የተጻፈላትን እናት ውሰዳት። ካርድ ወጣላት፣ አንድ ሰው አያት፣ ግሉኮስ ተሰካላት፣ ወረቀት ተሰጣት፣ አምቡላንስ ከተገኘ ሄደች። አንተ መዝገብ ላይ እሷ 1 ታካሚ ናት፣ ለዛውም በጣም ርካሽ ታካሚ። ሌላኛው ሆስፒታል ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሶስት ሰው ከእንቅልፍ ቀስቅሶ፣ ጄኔሬተር አስነስቶ፣ ደም አፈላልጎ፣ በኦፐሬሽን አዋልዶ፣ አራት ቀን አስተኝቶ ልጇን አስታቅፎ የሸኛትም 1 ታካሚ ናት፣ እሷ ግን ውድ ናት። በዚህ ስሌት ብዙ የመለሰ ሆስፒታል ይሸለማል ማለት ነው። ሁሉንም ክፍል ዘግቶ ካርድ እያወጣ ብቻ ቢሸኝ እኮ የሚደርስበት አልነበረም።

ያንተ ቁጥር ዩኒት ኮስት ይባላል፣ ለአንድ ታካሚ በአማካይ የወጣው ማለት ነው፣ ጥቅም የለውም እያልኩ አይደለም፣ ግን ኮስት የሚለውን ነው ሚነግርህ እንጂ ኢፌክቲቭ የሚለውን ገና አልነካኸውም። ደሞ ኮስቱ ራሱ አልጠራም። ሆስፒታል እኮ አንድ እቃ ሚያመርት ፋብሪካ አይደለም፣ ተመላላሽ አለ፣ ማዋለጃ አለ፣ የህጻናት ዋርድ አለ፣ ድንገተኛ አለ፣ ሁሉም አንድ ላውንደሪና አንድ ላብራቶሪ ይጋራሉ። የጉንፋን ታካሚና አንጀቱ የታጠፈበትን ሰው ደምረህ ስታካፍል የሁለቱንም ዋጋ አታገኝም። የሙያው ሰዎች ስቴፕ ዳውን ሚሉት ዘዴ አለ፣ ከላይ ወደ ታች እያወረዱ ማካፈል በለው። አስተዳደሩን በሰራተኛ ብዛት፣ ጽዳቱን በካሬ ሜትር፣ ላውንደሪውን በታጠበ አንሶላ ወይ በአልጋ ቀን (አንድ ሰው አንድ አልጋ ላይ የተኛበት አንድ ቀን)፣ ላብራቶሪውን በተሰራ ምርመራ ወደ ታች ታወርደዋለህ፣ መጨረሻ ላይ ወጪው በሙሉ በሽተኛ ሚያዩት ክፍሎች ላይ ያርፋል። አድካሚው የሀኪም ደሞዝ ነው፣ ጠዋት ተመላላሽ ያያል፣ ከሰዓት ኦፐሬሽን ክፍል ነው፣ ማታ ዋርድ ይዞራል፣ ስለዚ ፔይሮሉን ተወውና የተረኝነት ሰሌዳውን ያዝ፣ እሱ ነው የሰውየው ጊዜ የት የት እንደዋለ ሚነግርህ። ለዚህ ሁሉ ጊዜ የለኝም ካልክ በጣም ሻካራ ዘዴ አለ፣ ከ3 እስከ 4 የተመላላሽ ጉብኝት እንደ 1 የአልጋ ቀን ቆጥረህ ሁሉንም ወደ አንድ መለኪያ ማምጣት፣ ለመጀመሪያ እይታ ይሆናል፣ አለቃህ ፊት ግን ሻካራ መሆኑን ተናገር።

አሁን ብዙ ሰው ሚሳሳትበት ቦታ ላይ ልውሰድህ፣ እኔም ስራ ስጀምር ተሳስቼበታለሁ። ለምሳሌ ያህል 100 አልጋ ያለው ሆስፒታል በዓመት 800 ሺህ ዶላር አወጣ እንበል፣ ነገሩ ቀላል እንዲሆን ተመላላሹን እንርሳው። አልጋዎቹ በአማካይ 35 በመቶ ነው ሚያዙት። ይሄ በዓመት 12,775 የአልጋ ቀን ነው፣ አንዱ ቀን ወደ 63 ዶላር ይመጣል። ውድ ነው እንዝጋው ሊል ሚመጣ ሰው አይጠፋም። ግን ከ800 ሺው 600 ሺው ሰው መጣም ቀረም የሚወጣ ነው እንበል፣ ደሞዝ፣ የህንጻ እድሳት፣ ጥበቃ ምናምን፣ 200 ሺው ብቻ ነው ከበሽተኛው ጋር ሚጨምር ሚቀንስ፣ መድሀኒት ጓንት ምግብ። የአልጋው አያያዝ ወደ 70 በመቶ ቢያድግ ቋሚው 600 ሺህ ባለበት ይቆያል፣ ሌላው 400 ሺህ ይሆናል፣ ድምሩ 1 ሚሊዮን፣ ለ25,550 ቀን ስታካፍለው 39 ዶላር። ያው ሆስፒታል፣ ያው ሀኪም፣ ያው ጣሪያ። እና የተጨመሩት ቀኖች እያንዳንዳቸው ስንት አወጡ ካልከኝ ወደ 16 ዶላር ብቻ። ስለዚ አንድ ሆስፒታል ውድ ነው ስትል መጀመሪያ ሚጠየቀው ሰው ለምን አይመጣም ነው፣ መንገድ የለም? መድሀኒት ከውጪ ግዙ ይባላሉ? ክፍያው ከበዳቸው? ነርሶቹ ይቆጣሉ? (አትሳቅ፣ ይሄኛው የአልጋ አያያዝ ላይ ቀልድ አይደለም።)

አያያዙን ብቻ አይተህ ደሞ እንዳትሸወድ። ፓቦን ላሶ የሚባል ሰው በ1986 ያወጣው ቀላል ስዕል አለ፣ በአንዱ መስመር አልጋው በመቶኛ ምን ያህል እንደተያዘ፣ በሌላው መስመር አንድ አልጋ በዓመት ስንት ሰው እንዳስተናገደ፣ ከዛ ሁለቱን አማካይ ላይ ቆርጠህ አራት ሳጥን። አልጋው ሙሉ ሆኖ ሰው ግን ማይቀያየርበት ሆስፒታል ሙሉ ስለሆነ ጎበዝ ይመስላል፣ ገብተህ ስታይ ግማሹ ሰው ሊወጣ ሲገባው ራጅ ሚያነብለት ወይ መውጫ ሚፈርምለት አጥቶ የተኛ ነው፣ ወይም ደሞ በእርግጥ ረጅም ህክምና ሚፈልግ በሽተኛ ይበዛል። በኤክሴል በግማሽ ቀን ትሰራዋለህ፣ ለሶስት ሆስፒታል ግን አይሆንም፣ አማካይ ለማውጣት ቢያንስ አስራ ምናምን ሆስፒታል ያስፈልግሃል።

እሺ፣ ወደ ኢፌክቲቩ። የተለመደው መለኪያ ዳሊ ነው፣ በህመም ወይ ያለ እድሜ በመሞት ሚባክን አንድ የጤና ዓመት ማለት። የዓለም ባንክ በ1993 የዓመቱን ትልቁን ሪፖርት ሙሉ በሙሉ በጤና ላይ ሲያወጣ ነው ቃሉ የተስፋፋው። ሆስፒታሉ ስንት ዳሊ አዳነ ብለህ ወጪውን ለሱ ታካፍላለህ። አዳነ ለማለት ግን ሆስፒታሉ ባይኖር ምን ይሆን ነበር ሚለውን መገመት አለብህ፣ ስራው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። በ2003 የወጣ፣ ባንግላዴሽ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሆስፒታል ላይ የተሰራ ጥናት ቆንጆ ዘዴ ተጠቅሟል። ለእያንዳንዱ የተኛ በሽተኛ ሁለት ጥያቄ ይጠየቃል፣ ባይታከም የመሞት ወይ የመጎዳት እድሉ ስንት ነው፣ ህክምናውስ ያንን ምን ያህል ይመልሰዋል። ለሁለቱም መልሱ ከአራት አንዱ ነው፣ 1፣ 0.7፣ 0.3 ወይም 0። ያቺን እናት እንያት፣ 25 ዓመቷ ነው፣ ገና ሌላ 45 ዓመት ትኖራለች እንበል፣ ወደፊት ሚመጣውን ዓመት በራቀ ቁጥር በየዓመቱ በ3 በመቶ ስትቀንሰው 45ቱ ወደ 24.5 ይወርዳል። ኦፐሬሽን ባይኖር ሚደርስባት አደጋ 0.7፣ ኦፐሬሽኑ ሚመልሰው 1፣ ስታባዛው 17 ዓመት ከምናምን። የልጁን ገና አልቆጠርነውም። አሁን ጉንፋን ይዞት ሶስት ቀን የተኛውን ሰውዬ ውሰድ፣ ባይታከምም ይድን ነበር፣ አደጋው 0፣ ያዳንከው ዳሊም 0፣ ወጪው ግን አለ። ሪፈር የጻፈው ሆስፒታልስ? እሱም ዜሮ፣ ቢበዛ ቶሎ ስላወቀና ስለላከ ትንሽ ነገር ብትሰጠው ነው። እየው፣ ደረጃህ በአንድ አፍታ ተገለበጠ።

በዚህ መንገድ የባንግላዴሿ ሆስፒታል አንድ ዳሊ ለማዳን ወደ 11 ዶላር ነው ያወጣችው። በ2006 የወጣው ተመሳሳይ ጥናት ሴራሊዮን ውስጥ ያለ ኦፐሬሽን ላይ ያተኮረ ትንሽ ሆስፒታል 33 ዶላር ገደማ አገኘ። ሆስፒታል ቅንጦት ነው ሲባል ለኖረ ሰው እነዚህ ቁጥሮች አስደንጋጭ ነበሩ፣ ከክትባትና ከመሳሰሉት ጋር አንድ ሰፈር ነው ሚውሉት። ግን አሁን ያለህን ቁጥር ወስደህ ከነዚህ ጋር እንዳታወዳድር፣ የድሮዎቹ ስሌቶች የወደፊቱን ዓመት ይቀንሳሉ፣ ከ2010 ወዲህ ያለው የዓለም የበሽታ ጫና ስሌት ግን ያንን ትቶታል፣ 60 ዓመት በድሮው ወደ 28 ይወርዳል በአዲሱ 60 ሆኖ ይቀራል፣ ስለዚ ምንም ሳትሰራ ሆስፒታልህ በእጥፍ የጎበዘ ይመስልሃል።

ለአለቃህ ምን ልበል ካልከኝ፣ ደረጃ ማውጣቱን ተውና ሶስቱን ሆስፒታሎች ሶስት ነገር ጠይቃቸው፦ ሲ ሴክሽን፣ ሆድ መክፈትና ክፍት የአጥንት ስብራት ማከም ይችላሉ ወይ? ላንሴት የሚባለው የህክምና መጽሄት ያቋቋመው የዓለም ቀዶ ጥገና ኮሚሽን በ2015 መለኪያ ያደረጋቸው እነዚህን ነው፣ ሶስቱን ሚሰራ ሆስፒታል ማደንዘዣውም ደሙም ኦክስጅኑም መብራቱም አለው ማለት ስለሆነ። አንደኛ ያልከው ሆስፒታል አንዱንም አይመልስም። ማደንዘዣ ሰጪ ለመቅጠር ሚወጣው ደሞዝ ደሞ ምናልባት ከሶስቱም ሆስፒታል በጀት ውስጥ ብዙ ዳሊ ሚያመጣው ብር እሱ ነው፣ ህንጻው ተሰርቷል፣ ጠረጴዛው አለ፣ ነርሷ ደሞዝ እየበላች ነው፣ ሁሉም ያንን አንድ ሰው ነው ሚጠብቁት። ሪፖርቱ ላይ በደማቁ ጻፍለት።

ጥያቄ፦ «ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፣ የሆስፒታላችን ቦርድ ውስጥ ተመርጬ እሰራለሁ። ከውጭ በእርዳታ ማሽኖች ይመጡልናል፣ ሀኪሞችም በፈቃደኝነት መጥተው ይሰራሉ። የሂሳብ ክፍሉ በነጻ የመጣ ነገር ወጪ አይደለም ይለኛል። ሌላው ደግሞ አስታማሚዎች ግቢው ውስጥ ለሳምንታት ያድራሉ፣ እሱስ በሂሳብ ይገባል?»

መልስ፦ አባቴ፣ ሁለቱም ይገባሉ፣ እርስዎ ልክ ነዎት። ሂሳብ ክፍሉ ሚለው ለኦዲት ልክ ነው፣ ከካዝናው ብር አልወጣማ። ግን እኛ እየጠየቅን ያለነው ሌላ ጥያቄ ነው፣ ይሄን ሆስፒታል ሌላ ቦታ ልድገመው ብል ምን ያስፈልገኛል የሚለውን። እርዳታ ሰጪው ነገ ቢተወው ያንን ማሽን ራስዎ ነው ሚገዙት። ስለዚ 10 ሺህ ዶላር ሚያወጣ ማሽን 10 ዓመት ሚያገለግል ከሆነ በዓመት 1 ሺህ ብለው አይጻፉት፣ ገንዘቡ ሌላ ቦታ ሊሰራ ይችል ስለነበር በ3 በመቶ ሲያስሉት በዓመት ወደ 1,170 ይመጣል። ፈቃደኛውን ሀኪም ደሞ በአገር ውስጥ ሀኪም ደሞዝ ይቁጠሩት፣ የአገር ውስጥ ሀኪም ማይሰራውን ስራ ካልሰራ በስተቀር።

ስለ ማሽን ካነሱ አይቀር፣ አንዴ ላብራቶሪ ውስጥ ያየሁትን ልንገርዎ፣ የየትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ይቅር። የደም መመርመሪያ ማሽን በእርዳታ መጥቶ ፕላስቲኩ እንኳን አልተላጠም፣ ላዩ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ተቀምጧል። ሪኤጀንቱ (መመርመሪያ ኬሚካሉ) ከአንድ አምራች ብቻ ነው ሚገዛው፣ የሱ በጀት የለም። ያ ማሽን በነጻ ነው የመጣው፣ ግን ክፍል ይዟል፣ ስቴብላይዘር ተገዝቶለታል፣ ሁለት ሰው ለስልጠና ሄዷል፣ የሰራው ምርመራ ዜሮ። ቦርዱ ስጦታ ሲቀበል ማሽኑ ስንት ነው ሳይሆን በዓመት ስንት ይበላል ብሎ ቢጠይቅ ደስ ይለኛል። የተገላቢጦሹም አለ፣ ኡጋንዳ ውስጥ ተሰርቶ በ2016 የወጣ ሙከራ ለሄርኒያ ኦፐሬሽን ሚያገለግለውን ውድ መረብ ትተው የአጎበር ጨርቅ በደንብ አጽድተው ቢጠቀሙ በሽተኛው ላይ ያመጣው ልዩነት እንደሌለ አሳይቷል።

አስታማሚዎቹን በተመለከተ፣ ከሆስፒታሉ ዓይን ካዩት ወጪ አይደሉም፣ ከህብረተሰቡ ዓይን ካዩት ናቸው። ሁለቱም ትክክል ነው፣ ሪፖርቱ በማን ዓይን እንደተጻፈ መጀመሪያው ገጽ ላይ ይነገር ብቻ። አስታማሚ እኮ ያጥባል፣ ያበላል፣ መድሀኒት ገዝቶ ያመጣል፣ ሌሊት ነርስ ይጠራል፣ ሆስፒታሉ ሊቀጥረው ሚገባውን ሰው ስራ በነጻ ነው ሚሰራው፣ ሶስት ሳምንት ስራውን ጥሎ። አንዳንድ ሆስፒታል ርካሽ የሆነው ወጪውን ግቢው ውስጥ ላሉት አስታማሚዎች ስላሸከመ ነው። በሽተኛው ቶሎ ሚወጣበት ሆስፒታል ደሞ ለቤተሰቡ ብዙ ያተርፍለታል፣ መዝገብ ላይ ግን አይታይም።

ጥያቄ፦ «የህብረተሰብ ጤና ተማሪ ነኝ። አስተማሪያችን ለድሃ አገር ሆስፒታል የገንዘብ ብክነት ነው፣ መከላከል ላይ ነው መዋል ያለበት ይለናል። ክፍል ውስጥ ግማሹ ተስማማ ግማሹ ተጣላ። አንተ ምን ትላለህ?»

መልስ፦ እህቴ፣ አስተማሪሽ ስለ መሰረታዊ የጤና አገልግሎት ከተካሄደው የ1978ቱ የአልማ አታ ጉባኤ ጀምሮ ያለ ክርክር ነው ያመጣው፣ ያኔ ደሞ እውነት ነበረው። በብዙ ታዳጊ አገር የመንግስት የጤና በጀት ግማሹና ከዛ በላይ ሆስፒታል ውስጥ ነበር ሚቀረው፣ ለዛውም ዋና ከተማ ያሉት ሁለት ሶስት ትልልቆቹ ጋ፣ ገጠር ያለው ሰው ክትባት እንኳን አያገኝም። ንዴቱ የመጣው ከዚህ ነው። ግን ንዴቱ ሲወራረስ ትልቁን የስፔሻሊስት ሆስፒታልና የወረዳውን ሆስፒታል አንድ ላይ ጠቅልሎ ሆስፒታል ብሎ ሄደ፣ እዚህ ላይ ነው ማልስማማው።

የትኛው ህክምና ለብሩ እንደሚያዋጣ ሚያነጻጽረው የዲዚዝ ኮንትሮል ፕራይሪቲስ መጽሀፍ ሶስተኛው እትም በ2015 ባወጣው የቀዶ ጥገና ቅጽ 44 መሰረታዊ ህክምናዎችን ዘርዝሮ 28ቱን የወረዳ ሆስፒታል ደረጃ ላይ ነው ያስቀመጣቸው፣ ሁሉም ቢዳረሱ በዓመት 1.5 ሚሊዮን ሰው ከሞት ይተርፋል ብሎ ነው ሚገምተው። ደሞ መከላከሉ ራሱ ሆስፒታሉ ላይ ይንጠለጠላል። ጤና ጣቢያ ያለችው አዋላጅ እናቶችን ኑ እዚህ ውለዱ ብላ ቤት ለቤት ትዞራለች አይደል፣ አንዷ ደም ፈሷት ሚልኩበት ጠፍቶ እዛው ብትሞት በሚቀጥለው ወር ማን ይመጣላታል? የሷን ስራ ውጤት ለብቻ፣ የሆስፒታሉን ለብቻ ብታሰይው ሁለቱንም አሳንሰሽ ነው ምታይው። ሆስፒታሉም ያለ ጤና ጣቢያ አይሆንም፣ ተመላላሹ በጉንፋንና በተቅማጥ ተሞልቶ ሀኪሙ ኦፐሬሽን ክፍል ሳይገባ ይመሻል፣ ጤና ጣቢያ ሊያልቅ ሚችል ጉዳይ ሆስፒታል ላይ ሲታይ ዋጋው ብዙ እጥፍ ነው።

አስተማሪሽን ግን አንድ ነገር ላይ እደግፈዋለሁ፣ አዲስ ሆስፒታል መገንባትና ያለውን በደንብ ማሰራት አንድ አይደለም። ህንጻ ሪባን ይቆረጥለታል፣ ማደንዘዣ ሰጪ አይቆረጥለትም። በየዓመቱ ሚፈልገው የስራ ማስኬጃ ሳይታሰብ የተመረቀ ሆስፒታል ሁለተኛው ዓመት ላይ ጓንት ሚለምን ይሆናል፣ ያኔ የመከላከሉንም ብር ይስባል። ክፍል ውስጥ ስትከራከሩ ሆስፒታል ወይስ መከላከል ብላችሁ አትጀምሩ፣ ሚቀጥለው ሚመጣው ብር የት ቢገባ ነው ብዙ ሚያተርፈው በሉ፣ ክትባቱ 50 በመቶ ላይ ባለበት ወረዳና 95 በመቶ በደረሰበት ወረዳ መልሱ አንድ አይሆንም።

ጥያቄ፦ «አንድ ዳሊ ስንት ዶላር ሲሆን ነው አዋጭ ሚባለው? ቁጥሩን ብቻ ንገሩኝ።»

መልስ፦ ቁጥሩን ብቻ ማለት አይሆንም እንጂ፣ ለብዙ ዓመት ሲባል የነበረው ከአገሪቱ የነፍስ ወከፍ ዓመታዊ ምርት በታች ከሆነ በጣም አዋጭ፣ እስከ 3 እጥፉ ድረስ አዋጭ የሚል ነው፣ በ2001 ከወጣው የማክሮኢኮኖሚና ጤና ኮሚሽን ሪፖርት የመጣ። በዚህ ሚዛን ሁሉም ነገር ማለት ይቻላል አዋጭ ይሆናል፣ የጤና ሚኒስትሩ ኪስ ግን ያው ነው። በ2016 የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ባለሙያዎቹ ይሄን ለውሳኔ ብቻውን አትጠቀሙበት ብለው ጽፈዋል። ከዛ ወዲህ የወጡ ስሌቶች ድሃ አገሮች ላይ ከነፍስ ወከፉ ግማሽ በታች፣ አንዳንዴም በጣም ጥቂቱ ላይ ነው ሚያስቀምጡት፣ ምክንያቱም ሚጠይቁት አሁን ባለን በጀት አንድ ዳሊ በስንት እያዳንን ነው፣ ለአዲሱ ነገር ስንል ምኑን ልንተው ነው ብለው ነው። ስለዚ ያንተን ሆስፒታል ቁጥር ይዘህ ከመፍረድህ በፊት ወረዳው አሁን ብሩን ምን ላይ እንደሚያውለው ጠይቅ፣ ከዛ ውስጥ ደካማው የቱ እንደሆነ ፈልግ፣ ወሰንህ እሱ ጋ ነው ያለው።